ተማሪዬ ቅጠል የታተመበት ድንጋይ ይዞ መጣ፤ ምን ላድርገው?

የጠባሴው መምህር
ሰላም ለሁላችሁ። ደብረ ብርሃን አካባቢ ሳይንስ አስተምራለሁ። ባለፈው ሳምንት አንድ የሰባተኛ ክፍል ተማሪዬ በጆንያ ቁራጭ የጠቀለለው ድንጋይ አመጣልኝ። መዳፍ የሚያህል፣ ግራጫ፣ ሳሳ ያለ ነው። ላዩ ላይ ቅጠል አለ። የተሳለ አይደለም፤ የቅጠሉ ጅማት አንድ በአንድ ይቆጠራል። ጫፉ ላይ ትል የበላው የሚመስል ቀዳዳ እንኳ አለው።

ልጁ «ወንዝ ዳር ነው ያገኘሁት» አለኝ። አያቱ ደግሞ የጥፋት ውሃ ያመጣው ነው ብለውታል። ቅሪተ አካል መሆኑ ገብቶኛል፤ ከዚያ ወዲያ ግን እውቀቴ አልቋል። ትምህርት ቤታችን አንዲት ባለ መስታወት ቁም ሣጥን አለችው። እዚያ ልቆልፍበት ወይስ አዲስ አበባ ልውሰደው? ጠርዙ መፈርፈር ስለጀመረ ቫርኒሽ ልቀባውም አስቤ ነበር።

ጠርጣራው
ቅጠል ለማየት ድንጋይ ምን አስፈለገህ? ከጓሮ ቀጥፈህ አሳያቸው 😄

የዕቃ ቤቷ
መምህር፣ በእግዚአብሔር ቫርኒሹን አስቀምጠው!

ለዓመታት ሥራዬ ቅሪተ አካል ማጽዳትና መጠገን ነበር። ቫርኒሽ፣ ኮላ፣ የጥፍር ቀለም የተቀባ ስንት ነገር እጄ ገብቷል መሰለህ። ለጊዜው ያብረቀርቃል። ቆይቶ ቢጫ ይሆናል፣ ይሰነጠቃል፣ ሲነሳ ደግሞ ቅጠሉን ይዞት ይነሳል። እኛ የምንቀባው ፓራሎይድ የሚባል ነገር ነው፤ በአሴቶን ይሟሟል። የወደደነው ስለሚያጠነክር ብቻ አይደለም። ነገ ሌላ ሰው የተሻለ ዘዴ ቢያመጣ በዚያው አሴቶን ታጥቦ ይወጣል።

አሁን ውሃ አታስነካው፤ በብሩሽም አትፈግፍገው። የሚፈረፈረው የሸክላ ዓይነት ድንጋይ ስለሆነ ነው። መሬት ውስጥ እርጥብ ነበር፤ ፀሐይ ላይ ቶሎ ሲደርቅ እንደ መስክ ጭቃ ይሰነጣጠቃል። በሶፍት ጠቅልለህ ካርቶን ውስጥ አስተኛው። ከመስኮትና ከምድጃ አርቀው። የወደቁትን ፍርፋሪዎችም አትጣል፤ ለብቻ በፖስታ አድርጋቸው።

የጠባሴው መምህር
እሺ እህቴ፣ ቆርቆሮው ገና አልተከፈተም፤ ተርፈናል።

ድንጋይ ቆጣሪ
መምህር እንኳን ጠየቅህ። ጡረታ የወጣሁ ጂኦሎጂስት ነኝ። አንተ ያለህበት አገር ለቅጠል ዝነኛ ነው። ከደብረ ብርሃን ብዙ የማይርቀው የሙሽ ሸለቆ ውስጥ ከ21 ሚሊዮን ዓመት በላይ ያስቆጠሩ ቅጠሎች በብዛት ተጠንተዋል። ዛሬ ገብስና ባሕር ዛፍ የምታይበት ብርዳም አገር ያኔ እርጥበት ያለው ጫካ ነበር። ያቺን የትል ቀዳዳም አትናቃት። በቅሪተ ቅጠል ላይ የነፍሳት ንክሻ የሚቆጥሩ ባለሙያዎች አሉ፤ ማን ማንን ይበላ እንደነበር የሚታወቀው ከዚያ ነው።

የአንተ ቅጠል ከዚያው ዘመን ነው ለማለት ግን አልደፍርም። ለምን መሰለህ? ዕድሜው ድንጋዩ ላይ አልተጻፈም። ብዙ ሰው ሳይንቲስቶች አጥንቱን ወይም ቅጠሉን ራሱን መርምረው ዕድሜውን የሚያወጡ ይመስለዋል። በእኛ አገር በአብዛኛው የሚለካው የእሳተ ገሞራ አመድ ነው። እሳተ ገሞራ ይፈነዳል፣ አመዱ ሐይቁና ወንዙ ላይ ይወርዳል፣ በላዩ ደለል ይተኛል፣ ደግሞ ሌላ አመድ ይወርዳል። እንደ ድፎ ዳቦና ኮባ ተደራርቦ ይቀመጣል። አመዱ ውስጥ ባሉት ጥቃቅን ክሪስታሎች ፖታሲየም ቀስ እያለ ወደ አርጎን ይለወጣል። ያንን ለክተህ የአመዱን ዕድሜ ታውቃለህ። ቅጠሉ ከላይኛው አመድ ይበልጣል፣ ከታችኛው ያንሳል። የድንቅነሽም 3.2 ሚሊዮን ዓመት የተገኘው በዚሁ መንገድ ነው።

እንግዲህ ድንጋዩ ከየትኛው አመድ በላይና በታች እንደወጣ ካልታወቀ ቆንጆ ጌጥ ነው፤ ሌላ ምንም አይደለም። ጥያቄዬ አንድ ነው። ልጁ ቦታውን ሊያሳይህ ይችላል?

የጠባሴው መምህር
ጋሼ፣ ቅዳሜ ይዞኝ ይሄዳል። ቦታው [በአስተባባሪው ተሰርዟል] አጠገብ ነው።

አስተባባሪ
መምህር፣ ይቅርታ፣ የቦታውን ስም አጥፍቼዋለሁ። ይህን ገጽ ድንጋይ የሚገዙ ሰዎችም ያነቡታል። ለጋሽ ድንጋይ ቆጣሪ በውስጥ መስመር ንገራቸው።

ጠርጣራው
አሁን ደግሞ ምሥጢር ሆነ? ለማንኛውም አዲስ አበባ ከላክኸው መጋዘን ገብቶ ይቀራል። ሙዚየም የሄድኩ ጊዜ ድንቅነሽ ራሷ የለችም፤ የፕላስቲክ ቅጂ ነው ያሳዩኝ። ትኬት ከፍዬ ፕላስቲክ!

የዕቃ ቤቷ
ይኼ ነገር ሁሌ ይነሳል፤ እውነቱን እንነጋገር። አዎ፣ ብሔራዊ ሙዚየም ለሕዝብ የቆመው ቅጂ ነው። ዋናዋ በካዝና ነው የምትቀመጠው። ይህ ደግሞ የእኛ ብቻ ልማድ አይደለም፤ ከተመራማሪ በቀር ዋናውን አጥንት ለማንም የማያሳዩ ሙዚየሞች ሞልተዋል። ብርሃኑ፣ ሙቀቱ፣ የሚረግጠው የጎብኚ እግር፣ ሁሉም ይጎዳል።

ቅጂ ስትሰማ ፌክ ጫማ አይምጣብህ። ጀርመኖች በ1912 እ.ኤ.አ. ግብፅ ውስጥ የስፒኖሳውረስን አጥንት አገኙ። ያንን የመሰለ ዳይኖሰር ታይቶ አይታወቅም ነበር። ሙኒክ ወስደው አስቀመጡት። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አጥንቱን ያጠናው ተመራማሪ «እባካችሁ ከከተማ እናውጣው» ብሎ ቢለምን የሚሰማው ጠፋ። በሚያዝያ 1944 እ.ኤ.አ. ሙዚየሙ በቦምብ ተመታ፤ አጥንቱም አብሮ ነደደ። የቀረው ሥዕልና ፎቶ ብቻ ነው። ብራዚልም መስከረም 2 ቀን 2018 እ.ኤ.አ. ብሔራዊ ሙዚየሟ ሌሊቱን ሲነድ አደረ። ለዚህ ነው ቅጂ እና ስካን ስንል የምንጨቀጭቃችሁ።

ደግሞ መምህር፣ ይኼ ላንተ ይጠቅምሃል። ድንቅነሽ በ2008 እ.ኤ.አ. ቴክሳስ በሲቲ ስካን ተነስታለች። ከዚያ የአንዳንድ አጥንቶቿ የሦስት ገጽታ ፋይል በኢትዮጵያ መንግሥት ፈቃድ በነፃ ተለቋል። ጉልበቷ አለ፣ ትከሻዋ አለ። ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲም ይሁን ሌላ ቦታ ስሪዲ ፕሪንተር ያለው ሰው ካገኘህ ለክፍልህ ማሳተም ትችላለህ።

የሂውስተኗ እናት
ስካኑ ሲነሳ ትዝ አለኝ። በ2007 እ.ኤ.አ. ድንቅነሽ ሂውስተን ስትመጣ ልጄን ይዤ ሄጃለሁ። ያኔ ስድስት ዓመቷ ነበር። ክፍሉ ጨለም ያለ ነው። መስታወቱ ውስጥ ቁርጥራጭ አጥንቶች ተዘርግተዋል፤ ትንሽዬ ናት፣ ከልጄ ቁመት ብዙም አትበልጥም። ልጄ «ማሚ፣ እሷም አበሻ ናት?» አለችኝ። አጠገባችን የቆመ ፈረንጅ ምን እንዳለች ጠየቀኝና ስነግረው ዓይኑ እንባ አቀረረ። እኔማ ቀድሜው አልቅሻለሁ።

እንዳትሄድ የተቃወሙ ብዙ እንደነበሩ አውቃለሁ። የአሜሪካው ስሚዝሶኒያን ሙዚየም እንኳ አላስተናግድም ብሏል። እኔ ግን ያን ቀን ባላያት ኖሮ ምን እንደሚቀርብኝ አውቀዋለሁ።

አምስት ኪሎ
እህቴ ስሜትሽ ይገባኛል። ግን አስቢው፤ አንቺ ሂውስተን ሆነሽ ዋናዋን አየሽ። እኔ አዲስ አበባ ተወልጄ፣ ሙዚየሙ አጥር ሥር ኳስ ተጫውቼ አድጌ ዋናዋን አላየሁም። በ2025 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሰላም ከተባለችው የሕፃን ቅሪተ አካል ጋር ፕራግ ሄዳ ለ60 ቀን ታየች። ቼኮቹ አይተዋታል። የእኔ ተራ መቼ ነው?

የአዋሽ ልጅ
አንተ እንኳ አጥሩ ሥር ነበርክ። እኔ አፋር ነኝ። ሐዳርም፣ ዲኪካም፣ አራሚስም እኛ ግመል የምናሰማራበት አገር ነው። ድንቅነሽ በኅዳር 1967 ዓ.ም. ከእኛ ምድር ወጣች። ሰላም ወጣች፣ አርዲ ወጣች። አርዲ 4.4 ሚሊዮን ዓመቷ ነው። ለፈረንጆቹ መንገድ ያሳዩት፣ ውሃ የቀዱት፣ አሸዋ ያበጠሩት አባቶቻችን ናቸው። ብዙውን ጊዜ ቀድሞ አጥንት የሚያየውም የእኛ ሰው ዓይን ነው። ልጆቻችን ግን ለማየት አዲስ አበባ መሄድ አለባቸው፤ እዚያም የሚጠብቃቸው ቅጂው ነው።

መምህር፣ ድንጋዩን አትላክ። እዚያው ይቅር።

ድንጋይ ቆጣሪ
የአዋሽ ልጅ፣ ያልከው ልክ ነው፤ ለዚያ መልስ የለኝም።

ግን «እዚያው ይቅር» ሲባል የት? የመምህሩ ቁም ሣጥን መስታወት አለው እንጂ መዝገብ የለውም። መምህሩ ሲዛወር ቁልፉ ከማን ጋር ይቀራል? አገሩ የራሱ የሆነ ቦታ ይኑረው ከተባለ መልካ ቁንጡሬን እይ። ከአዲስ አበባ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ እዚያው አዋሽ ዳር። ቦታውን በ1963 እ.ኤ.አ. ያገኘው የሆላንድ የውሃ ባለሙያ ነበር፤ አርኪዮሎጂስት እንኳ አልነበረም። ዛሬ ከመሬት የወጣውን ሁሉ ጎጆ በሚመስሉ ቤቶች ውስጥ ታያለህ። ወጣ ብለህ ደግሞ የተቆፈረውን መሬት ራሱን ታያለህ። በ2024 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። እንደዚያ ያለ ነገር በየቦታው ቢኖር እኔም «አትላክ» ባይ ነኝ። የሚያስፈልገው ጥበቃ፣ ዝናብ የማያስገባ ጣሪያና ደመወዙ የማይቋረጥ አንድ መዝጋቢ ነው። የመጨረሻው ነው ከባዱ።

ሕጉም አለ። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያው ማሳወቅና እስኪረከቡት ድረስ እንዳይጎዳ መጠበቅ አለበት። መምህር፣ ወረዳህ ባህልና ቱሪዝም ሄደህ በጽሑፍ አስታውቅ። በቃል መናገር ብቻ አይበቃም፤ ደብዳቤው ላይ ማኅተም አስመትተህ ቅጂውን ያዝ።

የዕቃ ቤቷ
ስለ መዝጋቢው ጋሽ ያሉትን ልመስክር። ስሙን የማልጠራው አንድ መጋዘን ውስጥ ሠርቼ ነበር። ክረምት ላይ ጣሪያው አፈሰሰ። ድንጋዮቹ ምንም አልሆኑም። የሞቱት ወረቀቶቹ ናቸው። መለያዎቹ በዱቄት ሙጫ የተለጠፉ ነበሩ፤ ያልራሰውን አይጥ በልቶታል። ሦስት ሣጥን ሙሉ የእንስሳት ጥርስ ከየት እንደመጣ የሚያውቅ ጠፋ። የቆፈሩት ሰዎች ግማሾቹ በሕይወት የሉም። አንድ ወር ሙሉ የድሮ የመስክ ደብተር እያገላበጥኩ ከአንዱ ሣጥን ጥቂቱን መለስኩ። የቀረው እስከ ዛሬ «ቦታው ያልታወቀ» ይባላል። ቦታው ያልታወቀ ማለት በእኛ ቤት ሬሳ ነው።

ስለዚህ ቁጥሩን ወረቀት ላይ ብቻ አትጻፍ። ድንጋዩ ጀርባ ላይ፣ ቅጠል በሌለበት በኩል፣ በትንሹ ጻፍበት። ደብተር ላይም ድገመው። ፎቶም አንሳ፤ ማስመሪያ አጠገቡ አድርግ።

በርሊን ያለሁት
ልክ ብላለች። እኔ ባለሁበት በርሊን የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ውስጥ ከ13 ሜትር በላይ የሚረዝም የዳይኖሰር አጽም ቆሟል። አንገቱን ለማየት ስታንጋጥጥ የራስህ አንገት ይታመማል። ከታንዛኒያ፣ ከተንዳጉሩ ነው የመጣው። ከ1909 እስከ 1913 እ.ኤ.አ. አገሩ የጀርመን ቅኝ ግዛት ሳለ ከ200 ቶን በላይ ቅሪተ አካል ቆፍረው ወሰዱ። ሰዎች ሣጥኑን ተሸክመው ወደብ ድረስ በእግር ያወርዱት ነበር። ዛሬ ታንዛኒያውያን ስለ እሱ እየጠየቁ ነው። ከየትኛው ጉድጓድ ምን እንደወጣ ጀርመኖቹ መዝግበዋል። መዝገቡም እዚሁ በርሊን ነው።

እኛ አገር ግን ዳይኖሰር አለ እንዴ?

ድንጋይ ቆጣሪ
አለ። በጀማ ሸለቆ የዳይኖሰር ጥርሶች ተገኝተዋል፤ የጁራሲክ ዘመን መጨረሻ ናቸው። አጥንት ከሆነ ያማረህ ደግሞ ጎንደር ችልጋ ሂድ። እዚያ 27 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠሩ የዝሆን ዘመዶች ተገኝተዋል። አንዱ ስሙ ራሱ ችልጋቴሪየም ነው። የችልጋ ስንት ሰው እንደሚያውቀው እንጃ።

መዝገብ ካነሳችሁ አይቀር ስለ ካብዌ ልንገራችሁ። በ1921 እ.ኤ.አ. ዛምቢያ ውስጥ የእርሳስና የዚንክ ማዕድን ቆፋሪዎች የጥንት ሰው ራስ ቅል አገኙ። እጅግ ያልተጎዳ ነው። ለንደን ተወሰደ፤ ዛምቢያ ዛሬም መልሱልኝ ትላለች። ኮረብታው ግን ተቆፍሮ አለቀ። የራስ ቅሉ የወጣበት ደለል ስለሌለ ዕድሜውን ለማወቅ መቶ ዓመት ሊሞላ ተቃረበ። በ2020 እ.ኤ.አ. ነው ወደ 300 ሺህ ዓመት ነው ያሉት፤ ለዚያውም ከራሱ ከአጥንቱ ጥቂት ፈልቅቀው።

ወገል ጤና
እኔ ኦፓል ነው የምሸጠው። ስድብ ካለ ከወዲሁ ልቀበል።

ደላንታ ላይ ኦፓል በ2008 እ.ኤ.አ. ከወጣ ጀምሮ ስንቱ ልጅ ገደል ወገብ ላይ እየተንጠለጠለ ይቆፍራል። ዋሻው ተደርምሶ የሞቱብን አሉ። አንዳንዴ እንጨት የመሰለ ኦፓል ይወጣል። ቅርፊቱ ቅርፊት ነው፣ ውስጡ ግን እሳት ይረጫል። እኔ ራሴ ሁለት ሸጫለሁ። ገዢው እንጨቱን ቆርጦ ጥሎ ቀለሙን ብቻ ወሰደ። ያኔ አልቆጨኝም፤ ዛሬ ይህን ሳነብ ቆጨኝ። ግን እውነቱን ንገሩኝ፤ «ሙዚየም እሰጣለሁ» ብል ለልጁ እራቱን ማን ይሰጠዋል?

ድንጋይ ቆጣሪ
ማን ይሰድብሃል ልጄ። ኦፓሉንም የሠራው ያው አመድ ነው። ውሃ አመዱ ውስጥ ሲያልፍ ሲሊካ ያሟሟል፤ ያ ሲሊካ ስንጥቅ ካገኘ ስንጥቅ ውስጥ፣ እንጨት ካገኘ እንጨቱ ውስጥ ገብቶ ይረጋል። እንጨቱ የዚያን ጊዜ ጫካ ምስክር ነው።

ለጥያቄህ መልስ አለኝ ብል እዋሻለሁ። ቢያንስ ሌላ ስታገኝ ከመቆረጡ በፊት ፎቶ አንሳ፤ ከየትኛው ዋሻ እንደወጣም ጻፍ። ይኼ ዋጋውን አይቀንስብህም። አንዳንድ ገዢ እንዲያውም ይጨምርልሃል።

ጠርጣራው
እሺ፣ እኔም ስለ ፕላስቲኩ ያልኩትን ግማሹን መልሻለሁ። ግማሹን። መምህር የት ጠፋ?

የጠባሴው መምህር
ይቅርታ፣ ኔትወርክ አልነበረም። ቅዳሜ ሄድን፤ ጉዱን ስሙ።

ወንዝ ዳር ደረስን። ልጁ ወዲያ ይላል፣ ወዲህ ይላል። ግራጫ ድንጋይ የሚባል የለም፤ ሁሉም ጥቁር ባዛልት ነው። አንድ ሰዓት ተንከራተትን። በመጨረሻ አንገቱን ደፋና «ቲቸር፣ እውነቱን ልንገርዎት፤ ከወንዝ አይደለም፣ ከአጎቴ ካብ ላይ ነው ያነሳሁት» አለኝ። ለምን ዋሸህ ስለው አጎቱ ካቡን አፈረስክ ብሎ እንዳይቆጣው ነው።

ጋሼ፣ በዚያች ደቂቃ እርስዎ ትዝ አሉኝ። ቦታው ያልታወቀ! ተስፋ ቆርጬ ልመለስ ስል ልጁ «አጎቴ ግን ያውቃል» አለ። አጎትየው ቤት ሄድን። መጀመሪያ ግብር ሰብሳቢ መስለነው ፊቱን አጠቆረብን። ጠላ ተቀድቶ ነገሩ ከተብራራ በኋላ ሳቀ። ድንጋዩን አምና በአህያ ያመጣው ከአንድ ገደል ሥር ነው። «እሱ ድንጋይ ለካብ አይሆንም፣ ዝናብ ሲመታው ይፈርሳል፤ ሁለት ጭነት አምጥቼ ተውኩት» አለን። አብሮን ወጣ።

ገደሉ ላይ ስንደርስ ጋሽ ያሉት ድፎና ኮባ ተዘርግቶ አየሁት። ከታች ጥቁር ነገር አለ፤ አጎትየው «ከሰል ነው፣ ግን አይነድም» ይላል። በላዩ ግራጫው፣ በግራጫው ላይ ደግሞ ነጣ ያለ፣ ስትነካው ዱቄት የሚሆን ቀጭን ንብርብር። አመዱ ይሆን? አልነካሁትም። ብዙ ፎቶ አነሳሁ። ግራጫው ላይ ሌሎች ቅጠሎችም ይታያሉ። ልጁ ሊፈለቅቅ እጁን ሲሰድ አጎቱ ቀድሞኝ «ተው!» አለው።

ሰኞ ለወረዳው ደብዳቤ አስገብቻለሁ፣ ማኅተም አለው። ጋሼ፣ ፎቶዎቹን በውስጥ መስመር ልኬልዎታለሁ።

ድንጋይ ቆጣሪ
አየኋቸው። ነጩ አመድ ይመስላል፤ በፎቶ አልምልም። የማውቃቸው ተመራማሪዎች ጋር አስተላልፋለሁ። ከክረምቱ በፊት ሰው እንዲመጣ እሞክራለሁ። ለአጎትየው ምስጋናዬን አድርስልኝ፤ ካቡ ውስጥ የቀሩትንም እንዳይነካቸው ንገረው።

የዕቃ ቤቷ
መለያውን ጻፍክ? ለጥፈው እንየው።

የጠባሴው መምህር
ይኸውና፣ ልጁ በእጁ የጻፈው ነው፦

ቁጥር፦ 1
ምን፦ የቅጠል ቅሪተ አካል፣ ግራጫ ሸክላ ድንጋይ ላይ
ከየት፦ ገደሉ ሥር (የጂፒኤስ ቁጥሩ በደብተሩ ገጽ 3)
ከየት ንብርብር፦ ከከሰሉ በላይ፣ ከነጩ በታች፤ በትክክል ከየትኛው ከፍታ እንደወጣ አይታወቅም፣ ምክንያቱም በአህያ ነው የመጣው
ማን አገኘው፦ አጎቴ። እኔ ደግሞ ከካቡ ላይ።

የዕቃ ቤቷ
ከብዙ ባለሙያ መለያ ይሻላል። ቀኑን ግን ረስቷል።

የጠባሴው መምህር
ነገ አስጽፈዋለሁ 🙏